ራሱ የባረቀው ምንሽር

ኑ ቅረቡ፣ ተረት ልንገራችሁ። ጆሯችሁን ግን ያዝ አድርጉ፤ ይኼኛው ተረት ይባርቃል።

በቆላው አፋፍ ላይ አያ ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ነበር። ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅበት አንድ አሮጌ ምንሽር ነበረው፤ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ፣ ከባለቤቱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ጠመንጃ። አንድ ማክሰኞ ጧት ከማሽላው ማማ ወርዶ ቤቱ ገባ። ምንሽሩን ጥይት እንደጎረሰ፣ መቆለፊያውን ቆልፎ ከምሰሶው አስደገፈው። አውራ ዶሮው ክንፉን አራግፎ ዘለለበት። ምንሽሩ ተንሸራተተና ወደቀ። ጧ!

ጭሱ ገለጥ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ክው ብሎ ቀርቷል። መደቡ ላይ የልጁ ልጅ፣ ሰማንያ ቀን ያልሞላት ጨቅላ ተኝታለች። ከራሷ በላይ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ ግድግዳው ተበስቷል፤ የግድግዳው ጭቃ ግንባሯ ላይ ረግፏል። ጨቅላዋ አንዴ አስነጠሰችና ተመልሳ ተኛች። አያ ቢያድግልኝ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ውባለም ሕፃኗን አቀፈች፣ አራሷን ልጇን በእጇ ያዘች፣ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«አንተ ሰውዬ! ምላጩ ሳይስቡት እየለቀቀ፣ መቆለፊያው እያለ እንደሌለ እየሆነ፣ እኔ እዚህ ቤት አላድርም። ወንድሜ ዘንድ ነኝ። እሑድ የልጅቱ ክርስትና ነው፤ ድግሱም እዚያው ይሆናል!»

«እኔ ምን አደረግኩ? ራሱ እኮ ነው የባረቀው!»

ማን ይስማው? ሄደዋል። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ክርስትና በሰው ቤት ሊሆን ነው! የፈለገው ደግሞ ትንሽ ነገር ነበር፦ ሳይሳብ የማይለቅ ምላጭ፣ ከያዘ የማይከዳ መቆለፊያ። ጥይቱን አወጣ፣ ምንሽሩን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ ይርዳው ገሰገሰ።

«ይርዳው፣ ይኼን ምላጭ ሥራልኝ፣ መቆለፊያውንም አጥብቅልኝ። ራሱ ባረቀና ጨቅላዋን በስንዝር ሳታት።»

ይርዳው ክው አለ፤ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። «ኧረ ጉድ! በስንዝር? ብሠራልህ ደስ ባለኝ አያ፤ ግን ወናፌ ተቀዷል። እሳቱን በአፌ እፍ አልለው ነገር! ደብሪቱ ዘንድ ሂድና ለወናፍ የሚሆን የፍየል ቆዳ አምጣልኝ።»

እንግዲህ ወናፉ ካልነፋ ብረቱ አይግልም፤ ብረቱ ካልጋለ ምላጩ አይሠራም፤ ምላጩ ካልተሠራ መቆለፊያው አይይዝም፤ መቆለፊያው ካልያዘ ውባለም አትመለስም። አያ ቢያድግልኝ ይህን እያጉተመተመ ቆዳ አልፊዋ ደብሪቱ ደጅ ደረሰ።

«ደብሪቱ፣ የፍየል ቆዳ ስጪኝ። ምንሽሬ ራሱ ባርቆ ጨቅላዋን በስንዝር ሳታት።»

ደብሪቱ ክው አለች፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «በስመ አብ! በስንዝር? ቆዳስ ነበረኝ፤ ግን ጨው አላየም። ጨው ያላየ ቆዳ ይሸታል እንጂ መች ይለፋል? ነጋዴው እንድሪስ ጨው ይዞ እየወጣ ነው አሉ፤ ሮጥ በልና ከእሱ አምጣ።»

እንግዲህ ጨው ከሌለ ቆዳው አይለፋም፤ ቆዳው ካልለፋ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ብረቱ አይግልም፤ ብረቱ ካልጋለ ምላጩ አይሠራም፤ ምላጩ ካልተሠራ መቆለፊያው አይይዝም፤ መቆለፊያው ካልያዘ ውባለም አትመለስም። አያ ቢያድግልኝ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ እየደረደረ ቁልቁለቱን ተንደረደረ። እንድሪስን አገኘው፤ ጨው የጫነች በቅሎው መንገዱ መሃል ተዘርግታ፣ እሱ አጠገቧ ጭንቅላቱን ይዞ።

«እንድሪስ፣ ጨው ስጠኝ። ምንሽሬ ራሱ ባርቆ ጨቅላዋን በስንዝር ሳታት።»

እንድሪስ ክው አለ። «ሱብሃነላህ! በስንዝር? ጨው እንኳ አልነፍግህም፤ ግን ጭነቱ ላይ ከነገመዱ ተኝታበታለች። ሰኮናዋ ሥር እሾህ ገብቷል። በመርፌ ብሞክር ተሰበረ፤ ቢላዬ ደግሞ ወፍራም ነው። ቀጭን ስለት ፈልግልኝ እስቲ።»

በቅሎዋም ተጠየቀች፤ ጆሮዋን ጣል አደረገች። እንግዲህ እሾሁ ካልወጣ በቅሎዋ አትነሳም፤ በቅሎዋ ካልተነሳች ጨው የለም፤ ጨው ከሌለ ቆዳው አይለፋም፤ ቆዳው ካልለፋ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ ብረቱ አይግልም፤ ብረቱ ካልጋለ ምላጩ አይሠራም፤ ምላጩ ካልተሠራ መቆለፊያው አይይዝም፤ መቆለፊያው ካልያዘ ውባለም አትመለስም!

መንገድ ዳር ካለችው ሱቅ ሲደርስ ምላሱ ተሳስሯል። ስለት ሊል ነበር የመጣው። ባለሱቋ ዘሃራ «ምን ልስጥዎት አባባ?» ስትለው ግን በሆዱ የነበረውን ዘረገፈው።

«ምላጭ! ልጄ፣ እኔ ከጧት ጀምሮ የምፈልገው አንድ ምላጭ ብቻ ነው!»

«ታዲያ ይኼ ምን ያስጮህዎታል?» አለችና በወረቀት የተጠቀለለች ስስ ነገር መዳፉ ላይ አኖረችለት።

አያ ቢያድግልኝ ወረቀቱን ገለጠና ክው አለ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ምላጭ ነዋ! ፂም የሚላጩበት።»

«እኔ የምንሽር ምላጭ ነው ያልኩሽ!»

«አባባ ደግሞ! ከስኳርና ከሳሙና መሃል የምንሽር ምላጭ ከየት ላምጣ?»

አያ ቢያድግልኝ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ያቺን ስስ ስለት አያት፤ ከዚያ «ተባረኪ!» ብሎ ወደ በቅሎዋ ሮጠ።

ምላጩ እሾሁን አወጣ፤ እሾሁ ሲወጣ በቅሎዋ ተነሳች፤ በቅሎዋ ስትነሳ ጨው ተገኘ፤ ጨው ሲገኝ፣ በሦስት ቀኑ ቆዳው ለፋ፤ ቆዳው ሲለፋ ወናፉ ነፋ፤ ወናፉ ሲነፋ ብረቱ ጋለ። ይርዳውም አዲሱን በአሮጌው ልክ ሊቆርጥ ምንሽሩን ፈታታ። አንዷን ብረት አንስቶ በብርሃን አገላበጣት።

«አያ፣ ይኼን ጥርስ ማን ሞረደው?»

«የቱን ጥርስ?»

«ምላጩ ሳይሳብ እንዳይለቅ አንቆ የሚይዘውን ነዋ። አርጅቶ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ይኼ ግን እርጅና አይደለም፤ የሞረድ ጭረት ነው። ይኼ ተበልቶ መቆለፊያው ምኑን ይያዝ?»

አሁን ክው ያለው አያ ቢያድግልኝ ራሱ ነው። አምና ገበያ ላይ አንድ አዳኝ «ምላጬን ሞርጄው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል» ብሎ ሲጎርር ሰምቶ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ዝንጀሮ ሳያመልጠው ቶሎ እንዲተኩስ ብሎ፣ ማማው ላይ ተቀምጦ፣ በገዛ እጁ፣ እያፏጨ ሞርዶታል። ለይርዳው ግን «አዲሱን ቀጥቅጥልኝ ብቻ» አለው።

ይርዳው አዲስ ምላጭ ከነጥርሱ ቀጠቀጠ፣ መቆለፊያውንም ለወጠ። ባዶውን አቀባብለው፣ ቆልፈው፣ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ጣሉት፤ ቀጭ እንኳ አላለም።

ቅዳሜ አያ ቢያድግልኝ ከሚስቱ ወንድም ደጅ ቆመ። ውባለም ሕፃኗን አቅፋ ወጣች። ባዶ መሆኑን አሳያት፤ አቀባበለው፣ ቆለፈው፣ እፊቷ ጣለው። ዝም።

«ጎበዝ ባለ እጅ ነው» አለች፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። እውነት ራሱ ነው የባረቀው?»

የሚያሳብብበት ሞልቶ ነበር፤ ዶሮው አለ፣ ምሰሶው አለ፣ የምንሽሩ እርጅና አለ። ሕፃኗን አያት። ግንባሯ ታጥቦ ጠርቷል።

«እኔ ነኝ» አለ። «እንዲቀልልኝ ብዬ ጥርሱን የሞረድኩት እኔ ነኝ። እሷን በስንዝር የሳትኳት እኔ ነኝ፣ ውባለም።»

ውባለም ክው አለች። እሱ የምትሰድበው መስሎት አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ሕፃኗን ከእቅፏ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«እንግዲያው አንተው ተሸክመህ ቤትዋ አስገባት።»

ተሸክሞ ሄደ። ውባለም ምንሽሩን ይዛ ከአራሷ ልጇ ጋር ከኋላው ትከተለው ነበር።

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ እኔ ወደ ክርስትናው ልሂድ፣ ጠላው ሳያልቅብኝ።