ጠፍሩን የቀመሰው ተቆጣጣሪ

አንድ ጊዜ አንበሳ ኮረብታ ላይ አራት ደርብ ቤት ሲያሠራ፣ አንድ በግ ከእንጨት መወጣጫው ወድቆ ሞተ።

እንስሳት ተቆጡ። ተሰበሰቡ። ደንብ አወጡ፦ የመወጣጫው እንጨት በተጋጠመበት ሁሉ በቆዳ ጠፍር ሦስት ዙር ይታሰር፤ ተቆጣጣሪ ቋጠሮውን ይይ፤ ያየው ላይ መዳፉን ያትም። ጥሩ ደንብ ነበር። ቀጥሎ ተቆጣጣሪ መረጡ።

«ቆዳን ከሩቅ በጠረኑ የሚለይ ማን ነው?» አለች ጦጣ።

ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ።

ቁጥጥሩ በተጀመረበት ቀን የሥራው ፎርማን ቀበሮ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። «እንኳን ደህና መጡ አያ ጅቦ። ጠፍራችን ከደለበ በሬ ቆዳ የተገመደ ነው።»

ጅብ የመጀመሪያውን ቋጠሮ አሸተተ። «ጠንካራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«በጥርስዎ ይሞክሩት እንጂ። ለዚህ አይደል የተሾሙት?»

ሞከረ። አንዱን ቋጠሮ፣ ሁለተኛውን፣ እስከ ሦስተኛው ደርብ ድረስ። «ይሄኛው ታግሎኛል» እያለ ይውጣል፤ መዳፉን ጭቃ ነክሮ እንጨቱ ላይ ያትማል። ቀበሮ ከኋላ እየተከተለ በጠፍሩ ፈንታ የዛፍ ልጥ ያስራል። አልከፋውም። ጅብ ከጠገበ ሥራ አይቆምም።

ድንጋይ የሚያመላልሱት አህዮች ነበሩ። ቡሊት የምትባለው አህያ አንድ ጠዋት ሦስተኛው ደርብ ላይ እንጨቱ ከእግሯ ሥር ሲከዳት ተሰማት። ወንድሟ ዳልቻም የሚሠራው እዚያው ነው። ወደ ጅብ ወረደች።

«አያ ጅቦ፣ ሦስተኛው ደርብ የታሰረው በልጥ ነው። ልጡም ደርቆ ተሰነጣጥቋል።»

«መዳፌ አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያው ታስሯል።»

«እኔ የምራመደው በእንጨቱ ላይ ነው ጌታዬ፣ በመዳፍዎ ላይ አይደለም። ወንድሜ አሁንም እላይ ነው። መጥተው ይዩት።»

«አይቼዋለሁ። እንዲያውም ቀምሼዋለሁ።» አገሳ። «ቅሬታ ካለሽ ለፎርማንሽ ንገሪ።»

ፎርማኑ አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ቡሊትዬ፣ ይሄን የሚያህል ጆሮ ይዘሽ ወሬ ብቻ ነው የምትሰበስቢው? ከፈራሽ ተይው። በር ላይ ሥራ የሚለምን አህያ ሞልቷል።»

ቡሊት ወደ መወጣጫው ሮጠች። «ዳልቻ፣ ውረድ» ብላ ተጣራች። ዳልቻ ድምፅዋን ሰምቶ ዞር አለ።

ልጡ ተበጠሰ።

እንጨት። ድንጋይ። አቧራ።

ዳልቻን ከድንጋዩ ሥር ሲያወጡት አይተነፍስም ነበር።

አንበሳ ሸንጎ ጠራ። አህዮቹ ድንጋያቸውን ከጀርባቸው ሳያራግፉ መጡ። ቀበሮ ቀድሞ ተነሣ። «ሟቹ እግሩን አያይም ነበር። ሲሄድ ይቸኩላል።»

«ፍጠኑ እያለ ከኋላ የሚነዳን ማን ሆነና ነው?» አለች ቡሊት። ከዚያ ወደ ጅብ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጠፍሩ የት ነው?»

ለጅብ መዋሸት አልመጣለትም። ሆዱን መታ መታ አደረገ። «እዚህ። አንድም አልጠፋም።»

አንበሳ የቤቱ መዘግየት አናዶት ጎፈሩን አራገፈ። «ደንቡ ላልቷል ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ ጠፍሩ አምስት ዙር ይሁን። ጅብም በሳምንት ሁለቴ ይቆጣጠር።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

ቡሊት አየችው። ጀርባዋ ላይ የተጫነውን ድንጋይ ሸንጎው መሃል ጣለችው። ከኋላዋ የቆሙት አህዮችም የየራሳቸውን አንድ በአንድ ጣሉ።

«የመወጣጫው ግማሽ አልወደቀም» አለችው። «ማኅተምዎ ያለበት ነው። ይውጡበትና ያሳዩን፤ እንከተልዎታለን።»

ጅብ ቀና ብሎ የራሱን መዳፍ አየ። ልጡን አየ። አንድ እግሩን አነሣ፤ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ» አለች ቡሊት፣ «ጠፍሩን ራሳችን እናስራለን፤ ቋጠሮውንም ራሳችን ስበን ሳናይ አንድ ድንጋይ አይወጣም።» አንበሳም ለአህዮቹ ጠፍር እስኪሰጥ ድረስ ቤቱ ጣሪያ ሳያገኝ ክረምት ገባበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠፍር ለሚበላ ተቆጣጣሪ ደንብ ማብዛት ቀለብ ማብዛት እንደሆነና ቋጠሮውን ቀድሞ ስቦ ማየት ያለበት በላዩ የሚራመደው ራሱ እንደሆነ ነው።