የጥሩነህ ቤት ቀይ መብራት

አንድ ቀን ነው፤ የትኛው ቀን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ወሬ ጀምሬ የሚያቋርጠኝ ሰው አልወድም። ጎረቤቴ ጥሩነህ ሴት ልጁን ሊድር ነው። ጥሩነህን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ደግ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ መብራት ላይ ግን ጨካኝ ነው። እንግዳ ሳሎኑ ተቀምጦ ሲጫወት ድንገት ድርግም ያደርገዋል። ምነው ጥሩነህ ሲሉት፣ የምናወራው በአፍ አይደል እንዴ፣ መብራቱ ምን ያደርግልናል ይላል። ስንቱን ጨዋታ በጨለማ አውርተን ስንቱን ጫማ ተቀያይረን ወጥተናል መሰላችሁ።

ልጁ ውብዓለም ናሁሰናይ ከሚባል የሳሪስ ልጅ ጋር ከተዋደደች ቆይታለች። ልጁ ጨዋ ነው። አባቱ ግን በክብራቸው ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ ተብሎ፣ ደጅ ጠንቶ ነው ልጅ የሚያገኘው። እሳቸው ዘንድ እንደዚያ የለም። አንድ ጊዜ እልካለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ከዚያ ቤት ልጅ እንዳታስብ ብለውታል። ስለዚህ ውብዓለም እንቅልፍ አጣች።

ጭንቀቷ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፊቷ! ቡግር ጥሎት የሄደ ጥቁር ነጠብጣብ ጉንጯ ላይ አለ። እኔ በበኩሌ ተጠግቼም አላየሁትም፣ እሷ ግን መስታወት ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ቤት ውስጥ የሚበራ ቀይ መብራት አለ፣ ከፈለግሽ ሞክሪው፣ ተአምር ግን አትጠብቂ አለቻት። ስትገዢም የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር የተጻፈበት ይሁን፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም ይኑረው ብላ መከረቻት።

ልጅቷ ይህን እቤት መጥታ ብትናገር ጥሩነህ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ቀይ መብራት አለን እኮ ብሎ ጓሮ ሮጠ፣ የጫጩት ማሞቂያውን አምፖል ነቅሎ መጣ። ጫጩቶቹ በዚህ አምፖል ሥር ምን የመሰለ ላባ እንዳወጡ ምስክርነት መስጠት ጀመረ። ሚስቱ ዘርፌ፣ ልጄ ላባ አውጥታ የምትዳር ከሆነ እኔን ሠርጉ ላይ አትጥሩኝ አለችው። እሺ ብሎ የጫጩቱን መለሰና የሳሎኑን አምፖል በቀይ ፌስታል ጠቀለለው። ፌስታሉ ቀለጠ፣ መጋረጃውን ለበለበው፣ ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው መግዛት እንዳለበት የገባው።

ለግዢው የተመረጠው የዘርፌ ወንድም ገረመው ነው። ገረመው የቤት ደላላ ነው። ጣራው የተነሣ ቤት «አየር እንደ ልብ» ብሎ ያከራየ ሰው ነው፤ ተከራዩም አመስግኖ ነው የገባው። እሱና ውብዓለም መርካቶ ሲወርዱ እኔም ተከተልኩ፤ ምን አገባህ አትበሉኝ፣ ጎረቤት ነኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ገብተን ገረመው ናኖሜትሩ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ሻጩ፣ ወንድሜ ይኼ በሜትር አይሸጥም፣ በፍሬ ነው አለው። ወጣን። ሁለተኛው ሱቅ ደህና ሰው ገጠመን፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየን፣ ዕቃዎቹንም ደረደረልን። አንዱ ፊት ላይ የሚጠለቅ ጭምብል ነው። ውብዓለም ስታጠልቀው ገረመው፣ የኔ ቆንጆ፣ በር የምትበይጂ ነው የመሰልሽው አላት። ሌላው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሽ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የሚያበራው። በዚህማ አንዱን ጉንጭ ጨርሳ ወደ ሌላው እስክትሻገር ልጅ ወልዳ ትድራለች አልን። የመጨረሻው፣ ግድግዳ የሚያህል ቀይ የሚያበራ ሰሌዳ ነው።

ውብዓለም ልቧ ጭምብሉ ላይ ነበር። ዕዳው ጥሩነህን በስልክ ማማከራችን ነው። ጭምብሉ ለስንት ሰው ያበራል ብሎ ጠየቀ። ለአንድ ሰው ነው ስንለው የሞተ ሰው እንደተረዳ ጮኸ። ከዚያ፣ ለአንድ ፊት ብቻ መብራት ማቃጠል ግፍ ነው፣ ትልቁን አምጡት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይጠቀምበታል አለ። ገረመው ሻጩን ጨቅጭቆ ለሁሉም የሚሆን ጥቁር መነጽር አስጨመረና ሰሌዳውን ተሸክመን መጣን።

እንግዲህ ይህ ሰሌዳ የት ተቀመጠ? ሳሎኑ ውስጥ ያለው ደህና ሶኬት መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ በቀጥታ የግቢውን በር ያያል። ጥሩነህ የፌስታሉ እሳት አስደንግጦታልና መጋረጃውን ጭራሽ አወረደው። ማታ ማታ የቤቱን መብራት ሁሉ ያጠፋል፣ ቀዩን ያበራል፣ ሚስቱንና ልጁን ግራና ቀኝ ያስቀምጥና መነጽራቸውን አድርገው በተርታ ይሞቃሉ። መብራቱ እንዳይባክን እኔንም ጠርቶኝ ያውቃል። በእኛ ከተማ መስኮቱ ላይ ቀይ መብራት የሚያበራ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አዋቂ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ምሽት ሁለት ጎረምሶች በሩን አንኳኩተው ቀዝቃዛ ቢራ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ጥሩነህ ውኃ ሰጥቶ ሸኛቸው፤ አልገባውም።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ይመጣሉ ተብሎ ቤቱ ተሰናድቶ ተጠበቀ። ዝናቡ ወረደ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ አልመጡም። ሲመሻሽ ጥሩነህ ዛሬስ ቀርተዋል ብሎ ቀዩን አበራ። ውብዓለም እንባዋን ጠርጋ መነጽሯን አደረገች፤ ምን ታድርግ። እኔና ገረመው ተስፋ ሳንቆርጥ ደጅ ቆመን ቀረን።

ልክ በዚህ ሰዓት ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከች አሉ። ከፊት የሚመሩት አቶ ወንድይፍራው የሚባሉ ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁሉን አዋቂ ናቸው። ሰው ሁሉ ለእሳቸው ተማሪ ነው፤ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ የዞረን ሰው «ፍሬቻ የታለ?» ብለው የሚቆጡ ናቸው። በሩን ከፍተን አስገባናቸው፤ ጥቂት ራመድ እንዳሉ ቀጥ አሉ። ግቢው ጨለማ ነው። መስኮቱ ብቻ ቀይ ሆኖ ይነድዳል። ውስጥ አባት፣ እናትና ሙሽራ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ትንፍሽ ሳይሉ፣ ወደ ውጭ አፍጥጠዋል።

አቶ ወንድይፍራው ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህ ምን ቤት ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ ምላሴ ይታሰራል።

«መብራቱ... የፊት ነው» አልኳቸው።

«የፊቱን ተወውና የአሁኑን ንገረኝ!»

ፊት ስል ጉንጭና ግንባሩን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሰሚ የለም። ሽማግሌዎቹ ተጠቃቀሱ። እኛ የተላክነው ከጨዋ ቤት ልጅ ልንጠይቅ ነው፣ ያየነውን አይተናል፣ ለላከን ሰው ያየነውን እንናገራለን ብለው ወደ በሩ ዞሩ። በዚህ ጊዜ ውብዓለም ከውስጥ አየቻቸው። መነጽሯን አውልቃ የመስኮቱ መስታወት ላይ ተለጠፈች። ያቺን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ሽማግሌ ሲመልሱት ሰምቼ አውቃለሁ፤ ራሱ ደርሶ ሲመለስ ግን በዕድሜዬ አልሰማሁም። እነዚህ ሰዎች ያን በር ከወጡ ናሁሰናይ ለእሷ አበቃለት።

ገረመው ሮጠና በሩ ላይ ተደቀነ። ይለምናል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጠያቂ ሆነ።

«አባቴ፣ እርስዎ ያስተማሩት ሹፌር ቀይ መብራት ሲያይ ዞሮ ይመለሳል?»

አቶ ወንድይፍራው ሙያቸው የተነካ መሰላቸውና ተቆጡ።

«እኔ ያስተማርኩት? ይቆማል እንጂ!»

«ታዲያ ሽማግሌም ልጅ የሚጠይቀው ቆሞ ነው» አላቸው። «ይህ ቀይ የልጅቷ ጉንጭ ማከሚያ ነው፤ ይግቡና ይቁሙ፤ አረንጓዴውን የሚያበራው አባቷ ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ፣ አልሆነላቸውም፣ ገቡ፤ ጥሩነህ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጡ ተቀመጡ ቢላቸው ልጅቷን እስኪሰጣቸው ድረስ ማንም ንቅንቅ አላለም።