ፕላስተር የተለጠፈባት ቀይ መብራት

ተረቴ ተነሣች፤ ቁልፏን አዙራ ዳገት ጀመረች።

ቃል የሚቆጥብ ሹፌር ነበር፤ ስሙ ምንይችል። የፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ምጥ የያዛት እኅቱ ብርቄ ደጀን ጤና ጣቢያ እንድትደርስ። የዓባይን በረሃ ሲወጡ ግን አሮጌዋ መኪናው ጨሰችና ቆመች።

ምንይችል መኪናዋን ውጪ አላት። የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ከቀዩ መስመር ካልወረደ አልወጣም አለች። መኪናዋ ካልወጣች ብርቄ አትደርስም።

ጌጁን ውረድ አለው። ውሃ ካልገባ አልወርድም አለ። ጌጁ ካልወረደ መኪናዋ አትወጣም፣ መኪናዋ ካልወጣች ብርቄ አትደርስም።

በጀሪካን ያለውን ውሃ ግባ አለው። የተሰነጠቀው የሞተሩ ውሃ ቱቦ ካልታሰረ እፈሳለሁ አለ። ውሃው ካልገባ ጌጁ አይወርድም፣ ጌጁ ካልወረደ መኪናዋ አትወጣም፣ መኪናዋ ካልወጣች ብርቄ አትደርስም።

ቱቦውን ታሰር አለው። በምን ልታሰር? አለ። የጎማ ጠፍር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንጨት የጫነ አህያ እየነዱ የደረሱት አያ ልየው። እሳቸውም በመስኮት አጮልቀው ከጌጁ ጎን የተለጠፈውን ፕላስተር አዩ።

«ቁስል አለባት እንዴ?» አሉ።

ምንይችል መስኮቱን በጀርባው ከለለ።

«ጠፍሬን ብፈታ እንጨቴ ይበተናል። ከሥሩ ያለውን ካልነገርኸኝ አልፈታም።»

አፉ ካልተፈታ ጠፍሩ አይፈታም፣ ጠፍሩ ካልተፈታ ቱቦው አይታሰርም፣ ቱቦው ካልታሰረ ውሃው አይገባም፣ ውሃው ካልገባ ጌጁ አይወርድም፣ ጌጁ ካልወረደ መኪናዋ አትወጣም፣ መኪናዋ ካልወጣች ብርቄ አትደርስም። አፉ ግን ከልጅነቱ የታሰረ ነው።

ብርቄ ከኋላ አቃሰተች። «ወንድም ዓለም፣ ንገራቸው።»

«ቀይ መብራት ናት» አለ ምንይችል መሬት መሬቱን እያየ። «ምን እንደምትል አላውቅም። ረዳት ሳለሁ ስለ መብራት ብጠይቅ ሹፌሩ በመፍቻ ጣቴን መታኝ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅሁም። ይቺ ስትበራብኝ ሸፈንኋት።»

አያ ልየው ወደ አህያቸው ዞሩ። «እንግዲያ ግለጣት ልጄ። ስትነግርህ ነበር።»

አፉ ሲፈታ ጠፍሩ ተፈታ፤ ጠፍሩ ሲፈታ እንጨቱ ተበተነ፣ ቱቦው ታሰረ፤ ቱቦው ሲታሰር፣ ሞተሩም ሲበርድ፣ ውሃው ገባ፤ ውሃው ሲገባ ጌጁ ወረደ፣ የተገለጠችው ቀይ መብራትም ጠፋች፤ ጌጁ ሲወርድ መኪናዋ ወጣች፤ መኪናዋ ስትወጣ ብርቄ ደረሰች። ሴት ልጅም ወለደች።

ምንይችል ዛሬም ቃል ይቆጥባል። አዲስ ረዳት ሲቀጥር ግን አስቀድሞ መብራቶቹን አንድ በአንድ ያሳየዋል። «ያልገባህን ጠይቀኝ» ይለዋል።

ተረቴ ዳገቱን ጨረሰች፤ ሞተሯንም አጠፋች።