የተፈረደበት ጭቃ

ዕድሜ ይንሳኝ፣ ከዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም።

ክረምቱ በሚበረታበት ቆላ፣ አፈሩ እንደ በርበሬ በቀላበት ጫካ፣ አንበሳ ነገሠ። ሲያገሣ ቅጠል ይረግፋል፤ የረገፈውም ደፍሮ ለመብቀል ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። በአገሩ ያለው አንድ ምንጭ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ንጉሡ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ባለሟሉ አያ ጅቦ፣ ከዚያ ሌላው እንደየቁመቱ። ንጉሡን የሚያናግር ሁሉ ደግሞ ግንባሩን መሬት ያስነካል። ይህኛው ሥርዓት እትዬ ፍልፈልን አልከበዳትም፤ ግንባሯ ከተወለደች ጀምሮ ከመሬት ርቆ አያውቅም። በውሃው ተራ ግን መጨረሻ ስለነበረች፣ ለሰባት ልጆቿ የምታደርሰው ከሁሉ የተረፈውን ነበር።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ከምንጩ በላይ ካለው ተረተር ሥር ወርቅ አለ ብሎ ቁፋሮ አስጀመረ። እትዬ ፍልፈል ስትሰማ ክው አለች። ያን ተረተር በጥርሷ ታውቀዋለች። ከላይ ቀዩ አፈር ነው፣ ከሥሩ አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር የሚያጣብቅ ግራጫ ጭቃ፣ ከሁሉ በታች ስንጥቅጥቅ ያለ አለት። ዝናቡ አሸዋውን አልፎ ጭቃው ላይ ይተኛል፤ ምንጩ የሚፈልቀውም ከዚያ ነው። ጭቃው ከተበሳ ልጆቿ ምን ሊጠጡ ነው?

ጉባኤ ፊት አቤት አለች። ከታች የተበሱ ሁለት ቅሎች አምጥታ፣ በአንዱ አሸዋ፣ በሌላው ጭቃ ጨምራ ውሃ አፈሰሰችባቸው። ከአሸዋው ቅል ውሃው ወዲያው ተንዠቀዠቀ። ከጭቃው ጠብታ አልወጣም።

«ንጉሥ ሆይ፣ ውሃችንን ተሸክሞ የኖረው ጭቃው ነው» አለች።

ዝንጀሮ እንኳ ማከኩን ተወ። አያ ጅቦ ግን ቅሎቹን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«አሸዋው ለጋስ ነው፤ ያለውን ሁሉ ሰጠ። ይሄ ንፉግ ግን ጠብታ እንኳ አልለቀቀም። ስንት ዘመን የአገሩን ውሃ ሸሽጎ ኖሯል!»

ጉባኤው አጨበጨበ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያጨበጨበው ዘወትር የሚጠማው ከርከሮ ነበር። ንጉሡ በጭቃው ላይ ፈረደ፤ ተቆፍሮ ከአገር ይባረር ተባለ። አያ ጅቦም እትዬ ፍልፈልን ስለ መልካም ምስክርነቷ አመሰገናት። ያን ቀን ልጆቿን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ጉድጓዱ ጠለቀ። እሑድ የወረወሩበት ድንጋይ ድምፁ ረቡዕ ነበር የሚሰማው። ጭቃው በተበሳ ዕለት ውሃው በአለቱ ስንጥቅ ሰመጠ፤ ምንጩም ደረቀ። አያ ጅቦ ከሥር ሌላ ንፉግ ጭቃ ቢኖር ነው ብሎ ቁፋሮውን አስቀጠለ። የተገኘው ወርቅ የንጉሡን አንድ ጥፍር ለማልበስ በቃ፤ እሱም የትንሿን ጣት።

እትዬ ፍልፈል ግን ከጫካው ዳር የተጣለውን ጭቃ በአፏ እያመላለሰች ጓዳዋን ትለቀልቅ ጀመር። ጃርት አይታ፣ በዚህ ፍርደኛ ምን ልትሠሪ ነው ብላ አሾፈችባት።

«ስደተኛ አስጠጋሁ» አለች እትዬ ፍልፈል።

ክረምቱ ገባ። የዘነበው ሁሉ ወደ ጥልቁ ሰረገ። በጋ ሲመጣ በአገሩ ውሃ የቀረው በእትዬ ፍልፈል ጓዳ ብቻ ነበር። በሩ ደግሞ ከጡጫ አይሰፋም።

አንድ ረፋድ ላይ ንጉሡ መጣ። ተንበረከከ፤ አልሆነም። ተኛ፤ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ ግንባሩን መሬት አስነክቶ አንድ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ደቀነ። ከውስጥ ሰባቱ ልጆች ሲጠጡ ይሰማል።

«እባክሽ እትዬ ፍልፈል፣ ጉሮሮዬ ሊሰነጠቅ ነው።»

«ተራ አለ፣ ንጉሥ ሆይ። ያው እንደ ድሮው በቁመት ነው። እኛ ቤት ግን የሚጀመረው ከታች ነው።»

ንጉሡ ዞር ብሎ ተራውን አየ። የጉንዳኑ ሰልፍ ብቻውን ከተረተሩ ማዶ ይዘልቃል። ከሰልፉ ባሻገር አያ ጅቦ ሲቆፍር ይሰማ ነበር።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ንጉሡ «እባክሽ» አላለም።