ሐረግን አድሮ የሚሉበት አገር

እንዝርት አፋፍ በሚባለው አገር ዛፍ ላይ የሚጠመጠመውንና አጥር ላይ የሚሳበውን ተክል ሐረግ የሚለው ሰው የለም፤ ሁሉም «አድሮ» ይለዋል። ከየቤቱ ደጃፍ በተተከለው ባላ ላይ የተጠቀለለ አድሮ አይጠፋም፤ ጠውልጎ፣ ጠቁሮ፣ ተንጠልጥሎ ይታያል። የቆላ ሰዎች ለገበያ ሲወጡ ይህን ስም እየሰሙ ይስቃሉ። «አድሮ ጥጃ እናውቃለን፤ አድሮ ሐረግ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ይላሉ። የአፋፉ ሽማግሎች ግን ስሙ የመጣው ከቢያዝን ቤት ነው ይላሉ።

ቢያዝን እንደሚነገረው ከገደሉ ጫፍ ላይ የሚያርስ፣ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ፣ አፉ ግን ለቃል የሚሰስት ሰው ነበር። ልጁን አለልኝን እርፍ ሲያስጨብጠው እንኳ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ አላለውም ይባላል፤ እሱ ቀድሞ ያርሳል፣ ልጁ አይቶ ይይዛል። አለልኝም ያየውን ሁሉ ያዘና ጥሩ ገበሬ ወጣው።

በዚያ ዘመን ገደሉ ላይ ንብ ይሰፍር ነበር። የአለልኝ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ስለነበር ለጠጁ የሚሆን ማር ያስፈልግ ነበርና፣ በኅዳር ወር በአንድ ማለዳ ልጁ ከጓደኛው ከዘገየ ጋር ወደ አውድማው መጣ። ቢያዝን የጤፍ ነዶ በጠፍር እያሰረ ነበር።

«አባ፣ ጠፍሩን ይስጡኝ፤ ገደል ልወርድበት ነው» አለ።

«ጠፍሩ ለነዶ ነው። ሐረግ ቁረጥ።»

ልጁ እሺ ብሎ ሄደ። ዘገየ በመንገድ ላይ «ሙሽራው፣ ጠጁን ሳትጠጣ ከወዲሁ ከብደሃል፤ እኔ አልችልህም!» ሲለው፣ አለልኝም «አንተ ያዝ እንጂ አትለፍልፍ» ሲል፣ ሳቃቸው እስከ አውድማው ይሰማ ነበር ይባላል።

እርጥብ ሐረግ ውስጡ ውሃ ነው፤ በተቆረጠበት ቀን ካከበዱበት አንጓው ላይ ቀጭ ይላል። ጥላ ላይ ተሰቅሎ ካደረ ግን ይጠወልጋል፣ ይለዝባል፣ ሲገምዱት እንደ ቆዳ ይለመጣል፤ ያን ጊዜ በሬም አይበጥሰው። ይህን ቢያዝን ከአባቱ ጀምሮ ያውቃል። ነገር ግን ሐረግ የሚቆርጠው ሁልጊዜ ማምሻውን፣ ልጁ ከብት በሚያስገባበት ሰዓት ስለነበር፣ አለልኝ ያየው ማሰሩን እንጂ ማሳደሩን አልነበረም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዘገየ ብቻውን ተመለሰ። ቢያዝን ክምሩ ላይ ነበር። ዘገየ ቁራጭ ሐረግ በእጁ እንደያዘ ከታች ቆመ። ቢያዝን ሐረጉን አየው። የተሰበረው አንጓው ላይ ነው፤ ስብራቱ ነጭ ነው፤ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ከክምሩ አልወረደም። የቀሩትን ነዶዎች ደረበ፣ ዝናብ እንዳይገባ ጫፉን አበጀ፣ ከዚያ ወረደ። ልቡ ድንጋይ ነው ያሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ እጁ ሌላ ነገር ስለማያውቅ ነው ይላሉ።

ሚስቱ እንጉዳይ ነጠላዋ ወድቆ፣ ፀጉሯ ተበትኖ ደረሰች።

«ምን ብለህ ላክኸው?» አለችው።

«ሐረግ ቁረጥ አልኩት።»

«ሌላስ?»

ቢያዝን እጁ ላይ የቀረውን የጤፍ ገለባ አራገፈ።

«ሌላ አላልኩትም።»

እንጉዳይ ወደ ገደሉ ዞረች።

አለልኝ የወደቀው በእግር ዞረው ካልሆነ በማይደርሱበት፣ ቃሬዛም በማያሳልፍ ጥልቅ ቦታ ስለነበር፣ ሬሳው በገደሉ ተስቦ መውጣት ነበረበት። የአገሩ ሰው ጠፍሩን እየያዘ ተሰበሰበ። ቢያዝን ግን ልጁ ከቆረጠበት ዛፍ ሌላ ሐረግ ቆርጦ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ።

«በዚህ ነው የሚወጣው» አለ።

ቄሱ አባ ጥበቡ ተቆጡ። «አብደሃል እንዴ? ልጁን የገደለው ሐረግ አይደለም ወይ?»

«ሐረግ አልገደለውም።»

«ታዲያ ምን ገደለው?»

ቢያዝን የሰቀለውን ሐረግ በእጁ ዳሰሰ። «ይደር» አለ።

«የክርስቲያን ሬሳ ገደል ውስጥ ይደር?»

«አብሬው አድራለሁ።»

ዞሮ ወረደ። ከልጁ ራስ አጠገብ ተቀመጠ። አላለቀሰም ይባላል። ንቦች መጥተው በልጁ ፊት ላይ ሲያርፉ ያነሳቸው ነበር፤ ንቦቹ እሱን ሲነድፉት ግን የሚያውቀው አይመስልም ነበር አሉ።

ሲነጋ ሰዎቹ የጠወለገውን ሐረግ ሦስት እጥፍ ገምደው ወደ ታች ሰደዱለት። ቢያዝን ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ደረቱንና ጉልበቱን አሰረ። ከላይ ሳቡ። ሐረጉ ዓለቱ ላይ ተፋተገ፣ አጓራ፤ አንድም አንጓ አልተሰበረም። ቢያዝን በመጨረሻ በዚያው ሐረግ ተሳበና ወጣ፤ ከወገቡም ፈትቶ ለዘገየ ሰጠው።

«ያዘው። አድሮ ነው» አለ።

አለልኝ ተቀበረ፤ ነዶውም ተወቃ። ከዚያ በኋላ ሐረግ ፈልጎ ወደ ቢያዝን ደጅ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር። ቢያዝን ከባላው ላይ አንስቶ ሊያቀብል እጁን ሲዘረጋ እንጉዳይ ከቤት ውስጥ ሆና «ሌላስ?» ትላለች። እሱም «አድሮ ነው» ይላል። ባልና ሚስቱ እስኪሞቱ ድረስ ጎረቤት የሰማው ንግግራቸው ይህ ብቻ ነበር ይባላል። ልጆች ሰምተው ያዙት፤ ውሎ አድሮም ሐረግ የሚለው ስም ተረስቶ ቀረ።

ዛሬም በእንዝርት አፋፍ አባት ለልጁ ከባላው ላይ አውርዶ ሲሰጥ፣ ልጁ «ሌላስ?» ሳይል እጁን አይዘረጋም። አባቱም የቱንም ያህል ዝምተኛ ቢሆን «አድሮ ነው» ሳይል አይሰጥም። ልጁ ያውቀዋል። አባቱም ልጁ እንደሚያውቅ ያውቃል። ቢሆንም ይጠይቃል፤ ቢሆንም ይመልሳል።