የደጃዝማቹ ጣሪያ

አንዲት ባልቴት ድሮ የደጃዝማች መኖሪያ በነበረ ቤት ውስጥ ከቀበሌ ተከራይተው ይኖራሉ። ቤቱ ለታሪክ ፊልም ተመረጠና ደጃዝማቹን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ካባውን ደርቦ መጣ። ባልቴቷን ከተቀመጡበት ወንበር አስነሥቶ ራሱ ተንሰራፋበትና፣

«የዚህ ቤት ጌታ እኔ ነኝ። ካሜራው ጠፍቶም ቢሆን ደጃዝማች እያላችሁ እጅ ንሱኝ!» አለ።

የፊልሙ ሠራተኞች ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እጅ ነሱ። ባልቴቷም እስከ መሬት ጎንበስ አሉ።

«ደጃዝማች፣ እንኳን መጡልኝ! ጣሪያዎ አልጋዬ ላይ ማፍሰስ ከጀመረ ስንት ክረምቱ! ቀበሌው ቅርስ ነው ብሎ አላስነካ አለኝ። ጌታው እርስዎ ከሆኑ ያስጠግኑልኝ።»

ተዋናዩ ደነገጠ።

«ኧረ እማማ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ!»

ባልቴቷ ቀና አሉ።

«እንዲያ ከሆነማ ተነስ፤ ወንበሬ ነው።»