ሳንቃ የሚበሳ ጥይት

አንድ ሰው ነበር። ከወንዝ ማዶ በቆላ የሚኖር፣ ፍየል አርቢ፣ ጸሎቱን የማያስታጉል ሰው። ስሙን ባንጫ እንበለው።

ባንጫ አንድ ቀን ጠዋት ጠመንጃውን ይዞ ጋሽ ጫፎ ቤት ሄደ። ጋሽ ጫፎ ያረጁ አዳኝ ናቸው፤ በዚያ አገር እሳቸውን ሳይጠይቅ ጥይት የሚመርጥ የለም።

«ጋሽ ጫፎ፣ ድኩላ ማሽላዬን ጨረሰው። ቀበሮም ግልገሎቼን እየወሰደ ነው። የሚሆነኝን ጥይት ይምረጡልኝ።»

ሽማግሌው ሦስት ዓይነት ጥይት አውጥተው ቁርበት ላይ አኖሩ። «ይህ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ገላ ውስጥ ገብቶ ይከፈታል፣ ድኩላውን ሳያሰቃይ ይጥላል። ይህ ቀላሉ ለቀበሮ ይበቃል። ያ ድፍኑ ግን ይቅርብህ፤ በስቶ ያልፋል። ከኋላ ማን እንዳለ አታውቅም።»

ባንጫ ለስላሳውን አላየውም። ቀላሉን አላነሳውም። እጁ ወደ ድፍኑ ሄደ።

«ይሄ... ሳንቃ ይበሳል?»

ወገኖቼ፣ ሰምታችኋል? ሳንቃ ይበሳል ወይ አለ!

ጋሽ ጫፎ ጥይቱን ከእጁ ወሰዱ። «ልጄ፣ የሳንቃ በር ያለው ቀበሮ የት አየህ?»

ባንጫ ፈነዳ። «ዳልጋ ነው! ጎረቤቴ ዳልጋ! ግልገሎቼን የሚሰርቀው እሱ ነው። ሰላምታ አቁሟል። ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ንጹሕ ሰው መንገድ ይቀይራል?»

«ሲሰርቅ አይተሃል?»

«አላየሁም። ግን አውቃለሁ።»

ጥርጣሬ እንዴት እንደሚናገር አያችሁ? አላየሁም፤ ግን አውቃለሁ!

«ጠመንጃህ እዚህ ይቆይ» አሉና ሽማግሌው እጁን ይዘው ዳልጋ ቤት ወሰዱት። አንኳኩ። «ጫፎ ነኝ፤ ክፈት!»

በሩ ገርበብ አለ። ዳልጋ ጦር ይዞ ቆሟል። ባንጫን ሲያይ፣ «የቀሩትንም ልትወስድ መጣህ?» አለው።

«ምኑን?»

«ግልገሎቼን ነዋ!»

ባንጫ አፉን ያዘ። ለካ የሁለቱም ግልገል እየጠፋ ነበር። ባንጫ ዳልጋን ይጠብቃል፤ ዳልጋ ባንጫን ይጠብቃል። ቀበሮውን የሚጠብቅ ማንም አልነበረም።

ጋሽ ጫፎ ሁለቱንም አስከትለው፣ ከቤቶቹ ጀርባ፣ ገደሉ ሥር፣ የቀበሮውን ጉድጓድ አገኙት። ደጁ ላይ የግልገል አጥንትና ጠጉር ተበትኗል። ባንጫ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«ዳልጋ፣ እኔ እኮ ልገድልህ ነበር።»

ዳልጋ ጦሩን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ፣ «እኔም ስጠብቅህ ነበር» አለው።

ወገኖቼ፣ ይህ የባንጫ ነገር ብቻ ይመስላችኋል? ስንቶቻችን ነን «ለቤተ ክርስቲያን ቀንቼ ነው»፣ «ለቤተሰቡ ክብር ብዬ ነው» እያልን ወንድማችን ላይ የምናነጣጥር? አፋችን የአውሬ ስም ይጠራል። ልባችን ግን የሰው ስም ይዟል።

መጠርጠር ካለባችሁ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ። ቀላል ቃል ለሚበቃው ነገር ለምን ከባዱን መረጥሁ በሉ። ሳላይ ያወቅሁት ከየት ነው በሉ።

ሰላምታ ያቆማችሁት አንድ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምናልባት እዚሁ፣ ከኋላችሁ ተቀምጦ ይሆናል። ስንወጣ አትለፉት። «ምን አጠፋሁብህ?» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት።